በጾም የተበላ ሥጋ

ሓትኖ አለም በጾም ሥጋ በላች የሚለው ቀልድ የተጀመረው ቅዳሜ ጠዋት በስልክ ነው፤ ለቀልዱ መነሻ የሰጠችውም የእኅቷ ልጅ ሄርሞን ራሷ ነበረች። ቢሮዋ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከታች ፋርማሲ ከላይ የጥርስ ክሊኒክ ባለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብልቃጦች ይንሿሿሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ከውጭ አገር ላቦራቶሪ የስንት ወር ናፍቆቷ የነበረው ኢሜይል ደርሶ፣ ሻይዋ አጠገቧ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም ነበር።

ሥራዋ ጅቦች ምን እንደሚበሉ ማጥናት ነው። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ በድንጋይ ማውጫዎቹና በቆሻሻ መጣያዎቹ አካባቢ የሚያድሩት ጅቦች የገበሬ ከብት ይብሉ ወይስ የከተማ ጥራጊ፣ ይህን ለማወቅ ሌሊት አድፍጦ ማየት አያስፈልጋትም። ጢማቸውን ወይም ፀጉራቸውን ካገኘች ይበቃታል። የተበላ ነገር ሁሉ በፀጉር ውስጥ ምልክቱን ይተዋል። ሥጋ የሚያዘወትር ፍጥረት ፀጉር ውስጥ ከባዱ ናይትሮጅን ይበዛል፣ እህልና ቅጠል በሚበላው ውስጥ ያንሳል። ካርቦኑ ደግሞ እህሉን ይለያል፤ ጤፍና በቆሎ አንድ ዓይነት ምልክት አላቸው፣ ስንዴና ባቄላ ሌላ። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ እየቆራረጡ ሲመረምሩት ባለቤቱ በየወሩ ምን ሲበላ እንደከረመ ይናገራል። መሣሪያው እዚህ ስለሌለ ናሙናው በካርጎ ወደ ውጭ ይላካል። ባለፈው መስቀል ሰሞን ወንድሟ ኣምደሚካኤል ቤት ምሳ ተጠርታ ይህንኑ ስታወራ፣ በምትልከው ትሪ ላይ ጥቂት ባዶ ቦታዎች እንደተረፏት ተናገረች። ልጆቹ «የኛንም! የኛንም!» ብለው ጮሁ። ሁሉም ፀጉሩን ሰጠ፤ የቤቱ ውሻ ሬክስ እንኳ ከጀርባው ተቆረጠለት። በመጨረሻ ሓትኖ አለም ሻሿን ፈታ አድርጋ፣ «እኔስ ከጅብ አንሼ ነው? ውሰጂ እንጂ ጓለይ» አለቻትና ነጭ ፀጉሯን ሰጠቻት።

ሓትኖ ማለት በትግርኛ የእናት እኅት ናት፤ ጓለይም «ልጄ» ማለት ነው። እናታቸው ስትሞት ሄርሞንንና ኣምደሚካኤልን ያሳደገቻቸው እሷ ነች። እስከ አምና ድረስ የካ አባዶ ከሄርሞን ጋር ነበር የምትኖረው፤ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ኣምደሚካኤል «አሮጊት አራተኛ ፎቅ በደረጃ ታመላልሻለሽ? እኔ ቤት ጓሮ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ሠራተኛ አለ» ብሎ ወሰዳት። እውነቱን ነው ብላ ሄርሞንም እቃዋን አሰናድታ ሸኘቻት።

«ኣምደ፣ ጉድ ልንገርህ» አለችው በስልክ። «ከቤታችሁ ሰው ሁሉ ናይትሮጅኗ ከፍ ያለው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ሓትኖ!»

«ከኔም?»

«ካንተም፣ ከሬክስም። እናንተ ጋ ከገባች ጀምሮ እየጨመረ ነው የሄደው። ከየካቲት በኋላማ ይብሳል።»

«ቆይ፣ ቆይ። የካቲት፣ መጋቢት... ጾም አይደለም እንዴ? ሓትኖ በጾም ሥጋ!» በሳቅ ፈነዳ። ሄርሞንም አብራው ሳቀች። የሳቁ ምክንያት ይገባታል። ክረምት ላይ አንድ ለቅሶ ቤት ዘመዶች ሓትኖ አለምን አይተው «ሴትዮዋን ምነው እንዲህ አከሳችኋት?» ብለው ስለነበር፣ ነገሩ እስካሁን ከሆዱ አልወጣም። «ይኸው ሳይንስ መሰከረልኝ። ዛሬ ምሳ ላይ እነ ዓለምሰገድ አሉ፣ እነግራቸዋለሁ። ሰባት ሰዓት እንዳትቀሪ» አለና ዘጋው።

ኤርሳዶ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ኤርሳዶ አብሯት የሚሠራ፣ ከሆሳዕና የመጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። በአንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ቦምቦሊኖ እንደያዘ ከኋላዋ ቆሞ ኮምፒውተሩ ላይ ሽቅብ የሚወጣውን የናይትሮጅን መስመር ተመለከተ። «ይቺ መንጋጋዋ የተሰበረችው ናት?» አላት።

መንጋጋዋ የተሰበረችው ጅብ አምና ድንጋይ ማውጫው አጠገብ ሞታ ያገኟት ናት። የጢሟ ውጤት ሲመጣ ናይትሮጅኗ ከጤነኞቹ ሁሉ በልጦ ተገኘና፣ ሌላ ሥጋ በል እንስሳ ስትበላ የከረመች መስሏቸው ነበር። ኋላ ነው ነገሩ የተገለጠላቸው። መንጋጋዋ ተሰብሮ መብላት ስላቃታት ሰውነቷ የገዛ ጡንቻዋን እያፈረሰ ይኖር ነበር። መሣሪያው ሥጋ መበላቱን እንጂ የማን ሥጋ እንደሆነ አይለይም።

«ይህ የሰው ነው» አለችው ሄርሞን። «አክስቴ ናት።»

ኤርሳዶ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አክስትሽ ይጾማሉ?» ብሎ ጠየቃት።

«እንዴት አድርጋ!»

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ጾሙን ብዙም አላውቀው። ግን እናንተ በዐቢይ ጾም ሥጋም ወተትም እንቁላልም አትቀምሱም አይደል? ታዲያ መስመሩ በእነዚያ ወራት መውረድ አልነበረበትም?»

ሄርሞን የቤተሰቡን መስመሮች ጎን ለጎን ከፈተች። የኣምደሚካኤል ሚስት የሉላ መስመር ወደ ጎን ተዘርግቶ ነበር፤ በየካቲት መጨረሻ ዝቅ ይልና ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ሉላ እንደነገሩ የምትጾም ሰው ነች፤ ሆኖም ጾሟ ይታያል። የሓትኖ አለም ጾም ግን የለም። ሌላው በሚወርድበት ሰዓት የእሷ ይወጣል። ከሥሩ ያለው የካርቦን መስመር ደግሞ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዷል፤ ይህም ማለት የጤፉ እንጀራ ከሰውነቷ እየራቀ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ መስመሮች መለያየት የጀመሩበትን ወር ለማወቅ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ቆጠረች። ኅዳር ነው። እቃዋን አሰናድታ የሸኘቻት ኅዳር።

ወንድሟ ጋ ደወለች፤ አላነሣም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከቢሮዋ እስከ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ድረስ በእግሯ ሄደች። ካፌዎቹ በረንዳቸውን ሞልተው ነበር፤ ከየጠረጴዛው የማኪያቶ ዋጋ ስንት እንደገባ ይወራል። ያን ሁሉ ሰው እየገፋች ስታልፍ ራሷን ነበር የምትሰድበው። እሑድ እሑድ እየሄደች ሓትኖን ስታቅፍ የምታቅፈው ጋቢውን ነበር። ከሳች ሲባል «እርጅና ነው» ያለውን የሐኪም ቃል ተቀብላ ተቀመጠች። በዚያ ላይ እሑድ እንግዳ የሚበዛበት፣ ማዕዱ የሚሞላበት ቀን ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚያ ቤት ምን እንደሚበላ ለማየት አንድ ቀን ብቅ ብላ አታውቅም።

ግቢው ለእንግዳ ተሰናድቷል። ሣሩ ተከርክሟል፣ በረንዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ከሆቴል የመጡ ሁለት አስተናጋጆች ምግብ ማሞቂያዎቹን ይለኩሳሉ። የሬክስ ቤት ቆርቆሮ ክዳን አለው። አጠገቡ የቆመው ከውጭ የመጣ የውሻ ምግብ ከረጢት ዋጋው የሠራተኛዋን የወር ደመወዝ እንደሚያህል፣ በመስቀል ዕለት ሉላ ራሷ እየሳቀች ነበር የነገረቻት። ሄርሞን በጎን ዞራ ወደ ጓሮ፣ ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ ሄደች። የሓትኖ አለም ክፍል አልጋ፣ የእመቤታችን ሥዕልና አንድ ፔርሙዝ ብቻ ነው ያለው። ሓትኖ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለዛሬ ልበሽ ተብላ የተሰጣትን የሐበሻ ቀሚስ ትቆልፋለች። ከራስጌዋ በፌስታል የተቋጠረ የደረቀ ዳቦ አለ። መስኮቱ ላይ በተቀመጠው ኩባያ ውስጥ ደግሞ ከዚያው ዳቦ ቁራሽ በውኃ ተነክሮ ይርሳል፤ ጥርስ የላትም።

ሄርሞን አጠገቧ ተቀምጣ ክንዷን ያዘቻት። ጣቶቿ ክንዷን ዞረው ተገናኙ።

«ትናንት ማታ ምን በላሽ ሓትኖ?»

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

«ዳቦ። ምነው? ሽማግሌ ሰው ብዙ አይበላም እኮ ጓለይ።» ቀሚሷን መቆለፏን ቀጠለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ሄርሞንም ብትጨቀጭቃት እንደማትናገር ታውቃለች።

የተናገረችው ሠራተኛዋ ዲና ናት። ከክፍሉ ደጃፍ ካለው ቧንቧ ሰላጣ እያጠበች ነበር። ሄርሞን ስትጠይቃት መጀመሪያ ወደ ትልቁ ቤት ገልመጥ አለች። «እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቼ እሄዳለሁ። እትዬ ሉላ ናቸው እንደዚያ ያዘዙት፤ በበፊቷ ሠራተኛ ጊዜ ዘይት ጠፋ ብለው።»

«ማታ ማን ያበስላል?»

«ማታማ አይበስልም እትዬ ሄርሞን። እነሱ በስልክ ያዛሉ፣ ፒዛ፣ በርገር። እማማ ደግሞ እሱን አይችሉትም።»

«በጾም ጊዜስ?»

ዲና ቧንቧውን ዘጋች። «እማማ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እኔ ደግሞ ስምንት ላይ ወጣሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ሽሮ በሳህን ከድኜ ክፍላቸው አስቀምጬ ነበር፤ ጉንዳን አመጣሽ ብለው እትዬ ተቆጡኝ። እማማንም ተቆጧቸው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዲና ነገረችኝ እንዳይሉብኝ» አለች።

ሄርሞን ቆማ ወጥ ቤቱን ተመለከተች። ይህቺን ሴት በረሃብ እንቅጣት ብሎ የመከረ ሰው በዚህ ቤት የለም። ትብላ ብሎ ያሰበም አንድ ሰው የለም። አባት ከቢሮ በልቶ ይገባል፣ እናት ለመክሳት ማታ ማታ አትበላም፣ ልጆች ስልክ ያነሣሉ። ፀሐይዋ፣ ጓሮው፣ ሠራተኛዋ፣ ሁሉም እንደተባለው አሉ። የዘጠኝ ሰዓት ምሳ ብቻ የለም።

ሰባት ሰዓት ሲል እንግዶቹ ገቡ። ዓለምሰገድ ከኣምደሚካኤል ጋር በአስመጪነት አብሮ ሊሠራ የተስማማ፣ ወፍራም፣ ሳቁ የቀረበ ሰው ነው፤ ከሚስቱ ጋር ነው የመጣው። ሓትኖ አለም መካከል ላይ፣ ከኣምደሚካኤል ቀኝ ተቀመጠች። ሉላ ከማንም አስቀድማ ሳህኗን አነሣችላትና ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን ቆለለችላት። «እማማን በደንብ አድርገን ነው የያዝናት» አለች ለዓለምሰገድ ሚስት፤ «ግን ስንሰጣት እንኳ አትበላም።» ሓትኖ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሳ መብላቷን አቆመች። ሆዷ ከዚያ በላይ መቀበል ከተወ ቆይቷል። ስለ ዶላር፣ ስለ መንገድ ቁፋሮ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ተወራ። ሄርሞን ወንድሟን ታያለች። እንግዶቹ እስኪሄዱ ታግሣ፣ ለብቻው ልትነግረው ወስና ነበር።

ኣምደሚካኤል ግን ቢራውን አንሥቶ ጎሮሮውን ጠረገ። «እኅቴ የጅብ ሐኪም ነች» ብሎ ጀመረ፤ የፀጉሩን ነገር፣ የትሪውን ነገር፣ የሬክስን ነገር አሳምሮ አወራ። «እና ማን አንደኛ ወጣ መሰላችሁ? ከሁላችንም በላይ ሥጋ የበላችው?» እጁን በሓትኖ አለም ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «ይቺ ቅድስት! እኛ ሽሮ ስንልስ እሷ በዐቢይ ጾም ጓሮ ተደብቃ ሥጋዋን!»

ማዕዱ በሳቅ ተናጋ። ልጆቹ ጠረጴዛውን ደበደቡ። ዓለምሰገድ እንባውን እየጠረገ፣ «እማማ፣ እውነት ነው እንዴ? ለንስሐ አባትዎ ነግረዋል?» አላት። ሓትኖ አለም ወደ አንዱም አልተመለከተችም። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ አፏን ሸፈነች። ኣምደሚካኤል ይህን ሳያይ እንደገና ሊስቅ ሲል ሄርሞን ተነሣች።

«በልታለች» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ወንድሜ አልዋሸም። ሓትኖ በጾም ሥጋ በልታለች። የራሷን ሥጋ ነው የበላችው።»

ሳቁ በአንዳንዱ ፊት ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሰው ሲራብ ሰውነቱ የገዛ ሥጋውን ነው የሚበላው። መሣሪያው ያንን ነው የቆጠረው። ጠዋት ስነግርህ እኔም አልገባኝም ነበር፣ ኣምደ። አሁን ገብቶኛል። እዚህ ቤት ከገባችበት ወር ጀምሮ ተርባለች። በጾሙ ደግሞ ብሶባታል፤ እሷ አፏን የምትፈታው ዘጠኝ ሰዓት፣ ወጥ ቤታችሁ የሚቆለፈው ስምንት ሰዓት።»

«እኛ ነን ያስራብናት?» ሉላ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ቤቱ ሙሉ ምግብ እያለ? ጠይቃን ከልክለናታል? ራሷ ትናገር!»

«ቁልፉ የት ነው ሉላ?»

ሉላ ወደ ባሏ ዞረች። ኣምደሚካኤል ፊቱ ጠቁሯል፤ ሆኖም ያየው ሓትኖን አልነበረም፣ ዓለምሰገድን ነበር። «እንግዳ ፊት!» አለ በጥርሱ መካከል። «እንግዳ ፊት ታዋርጂኛለሽ?» ዓለምሰገድ ስልኩን አውጥቶ ያልመጣ መልእክት ያነብ ጀመር። ሄርሞን ሓትኖን በብብቷ ደግፋ አስነሣቻት፤ ሓትኖም ያለ ተቃውሞ ተነሣች። የእመቤታችንን ሥዕል ብቻ ከክፍሏ አምጥተው፣ በር ላይ የራይድ መኪና ጠብቀው ገቡ።

በመገናኛ በኩል መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሲኤምሲን ሲያልፉ ሄርሞን «ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ብነግርሽ ከወንድምሽ ትጣያለሽ» አለች ሓትኖ፣ በመስኮቱ እያየች። «ለሱ ልንገረው? አብላኝ ብዬ? አጉርሼ ያሳደግሁትን?»

አራተኛ ፎቅ ለመድረስ በየደረጃው ማረፊያ ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ሶሬቲ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። መጥታ ሓትኖን አገላብጣ አየቻትና፣ «በአንዴ ብዙ እንዳትሰጧት፣ የተራበ ሰውነት ድንገት ሲጠግብም ይታመማል። ዛሬ አጥሚት በትንሽ በትንሹ፤ ሰኞ እኛ ጋ ትምጣና ደሟ ይታይ» አለች። ከቤቷም የአጥሚት ዱቄት አመጣች። ሄርሞን ማሰሮውን ጥዳ ስታማስል እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ንዴት ይሁን ኀዘን ለራሷም አልለየላትም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። ኣምደሚካኤል ነው። ሾፌሩ ከኋላው ብርቱካንና የታሸገ ወተት በካርቶን ተሸክሟል። ሄርሞን በሩን ከፍታለት ወደ ጎን ቆመች። ደረጃው አድክሞት ያለከልካል፤ ሓትኖ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ የአጥሚት ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ አገኛት።

«ልወስድሽ መጥቻለሁ ሓትኖ» አለ። «ሉላ እያለቀሰች ነው። ሰው ምን ይለናል? አላወቅንም፣ በልጆቼ እምልልሻለሁ አላወቅንም። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ ባንቺ እጅ ይሁን።» ከኪሱ የወጥ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጠው።

ሓትኖ አለም ቁልፉን አየችው። ቀስ ብላ አንድ ጊዜ ፉት አለች፣ ዋጠችና ኩባያውን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ረሃቡን ይቅር ብዬልህ ነበር፣ ዝወደይ፣ ልጄ» አለችው። «ሥራ በዝቶበት ነው፣ አላየም፣ እል ነበር። ዛሬ ግን በሰው ፊት ጾሜን አፈረስክብኝ። በጾም ሥጋ በላች አልከኝ። ሳቅህብኝ።»

«ቀልድ እኮ ነው! ሓትኖ፣ ስሞትልሽ፣ ቀልድ ነበር።»

«ያን ጾም የጾምኩት ላንተ ነበር። ዱባይ እየተመላለስክ እንቅልፍ አጣሁ ስትል፣ እቃው ወደብ ላይ ቀረ ስትል። ያንተን ስም እየጠራሁ ነው ዘጠኝ ሰዓት የጠበቅሁት።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አልመለስም። ቁልፍህን አንሣ።»

ኣምደሚካኤል ቁልፉን አነሣና በመዳፉ ውስጥ ጨበጠው። ሾፌሩ ካርቶኑን የት እንደሚያኖር ግራ ገብቶት ሄርሞንን ተመለከታት፤ እሷም በአገጯ ወደ ደረጃው አመለከተችው። ሓትኖ አለም ኩባያዋን መልሳ አነሣች። ኣምደሚካኤል እስኪበቃው ቆመ፤ ተቀመጥ ያለው ግን አልነበረም።